ሰዓቱ ከቤት እስከ ቤት ይቆጠር
የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የትምህርት ቤት ሶፍትቦል ዳኞች፣ የስፖርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ አሠልጣኞችና ወላጆች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮው ዋና አጀንዳችን ክፍያና የሥራ ሁኔታ ነው። አስቀድሜ ግን በአንድ ጨዋታ ስንት ዳኛ ይመደብ የሚለውን ላንሣ፤ ሌላው ክርክር የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

ሶፍትቦል ቤዝቦልን የሚመስል፣ የተወረወረች ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ ወርዋሪዋ መቺዋ ከምትቆምበት ሆም ፕሌት 43 ጫማ፣ ማለትም 13.1 ሜትር ርቃ ትወረውራለች። ኳሷ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ብትበር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃታል። በዚህች ቅጽበት ብቻውን የተመደበ ዳኛ ወርዋሪዋ እግሯን ዳግም መሬት ላይ ተክላ እንዳልገፋች ማየት አለበት። ሯጯም ኳሷ ከወርዋሪዋ እጅ ሳትወጣ ቤዝ፣ ማለትም የቆመችበትን ማረፊያ፣ ከለቀቀች አውት ናት፤ ከሩጫው ትወጣለች፤ እሷንም መጠበቅ አለበት። በዚህ ላይ ኳሷ በመምቻው ክልል አለፈች (ስትራይክ) ወይስ ከክልሉ ውጭ (ቦል) የሚለውን ይወስናል። ሯጯ ኳሷ ሳትመታ ሁለተኛውን ቤዝ ለመስረቅ ስትነሣ ደግሞ ከሆም ፕሌት ኋላ ያለችው ኳስ ያዧ ከፊቱ ቆማ፣ 26 ሜትር ያህል ርቆ የተከላካይዋ ጓንት የሯጯን እግር መንካት አለመንካቱን ይፈርዳል። ቤዞቹ አጠገብ የሚቆም ሁለተኛ ዳኛ፣ የቤዝ ዳኛ፣ ቢኖር ይህን ከጥቂት እርምጃ ርቀት ያየው ነበር። ጩኸቱና ስድቡ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የክፍያና የሥራ ሁኔታ ረቂቃችን ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ዳኛ ይመደብ ይላል። አንዱ በድንገት ቢቀር የቀረው የሁለቱንም ክፍያ ይውሰድ። አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። በአንድ ተኩል ከተከፈለ ትምህርት ቤቱ የግማሽ ዳኛ ክፍያ ስለሚተርፈው፣ የሁለተኛው ዳኛ መቅረት ይጠቅመዋል ማለት ነው።

ወደ ክፍያው ልግባ። 7 ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱባቸው 7 ዙሮች፣ ሁለት ሰዓት ፈጀ እንበል። ዳኛው ለመሄድ 45 ደቂቃ፣ ለመመለስም 45 ደቂቃ ይነዳል። ዱላና የራስ ቁር ለመፈተሽ፣ ከአሠልጣኞች ጋር ስለ ሜዳው ለመነጋገር ጨዋታው ሊጀመር 45 ደቂቃ ሲቀረው ይደርሳል። ሪፖርት 15 ደቂቃ ይወስዳል። ድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚከፈለው ግን በሁለቱ ሰዓት ተሰልቶ ነው። ጭንብሉ፣ የደረትና የቅልጥም መከላከያው፣ ብረት ያለው ጫማውም ከኪሱ ነው። የጉዞ አበል ከጨዋታው ክፍያ ተለይቶ በኪሎ ሜትር እንዲሰላ የጠየቅነው ለዚህ ነው።

በዝናብ ለሚቋረጥ ጨዋታ፦ ዳኛው ሜዳ ከደረሰ ግማሽ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ከተወረወረች ሙሉ ክፍያ። በውጤት ልዩነት ቀድሞ ለሚያልቅ ጨዋታም ሙሉ። ክፍያው በ14 ቀን ውስጥ ይድረስ። የወንዶቹ የቤዝቦል ዳኛ በዚሁ ደረጃ የሚያጫውተውም ያው 7 ኢኒንግ ነው፤ የሴት ልጆች ጨዋታ ዳኛ ያነሰ የሚከፈልበት ምክንያት የለም፤ ይህን በግልጽ እንናገር።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጭንብል ላይ የሚያርፍ ኳስ ነው። ዳኛው ወዲያው ስላልወደቀ ደህና ነው ይባላል። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማው፣ ወይም ብርሃን ዓይኑን ካስቸገረው ያን ቀን ወደ ፕሌት አይመለስም፤ የቤዝ ዳኛው ትጥቁን ለብሶ ይቀጥላል። ለዚህም ሁለቱም ሙሉ ትጥቅ ይዘው ይምጡ። በግል ውል የሚሠራ ዳኛን የትምህርት ቤቱ መድን ላይሸፍነው ስለሚችል፣ ውሉ ላይ ማን እንደሚያሳክም በስም ይጻፍ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍልና ውኃ ይዘጋጅ። ከጨዋታው በፊት አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ራሱን ለዳኞቹ ያስተዋውቅ፤ ተሳዳቢ ተመልካችን የሚያስወጣው፣ ዳኞቹንም እስከ መኪናቸው የሚሸኘው እሱ ይሁን።

ረቂቁ በእጃችሁ ነው። በ3ኛው አንቀጽ፣ በአንድ ዳኛ ጉዳይ ላይ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ተቃውሞ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ውይይቱን ከእሱ እንጀምራለን። ጉባኤው ተከፍቷል።