መኪናውን ማን ነው የሚገፋው?

እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ ኮምቦልቻ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሜካኒክስ (የእንቅስቃሴ ፊዚክስ) ሲባል ፊታችሁ ሲለዋወጥ አየሁ። ግዴለም፣ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። አማርኛችን ፎርስንም «ኃይል»፣ ኢነርጂንም «ኃይል» እያለ ያምታታናል፤ ስለዚህ ዛሬ ሳላፍር መግፋቱን ወይም መጎተቱን ፎርስ፣ ሥራ የመሥራት አቅሙን ኢነርጂ እላለሁ።

ከደሴ ወደዚህ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቡ። ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቷል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይወርዳል። የፎርሶቹ ድምር ስንት ነው? በየዓመቱ እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱም «ወደ ታች ያደላል» ይሉኛል። መልሱ ዜሮ ነው።

«እየሄደ እንዴት ዜሮ ይሆናል?» ብሎ የሚሞግት አይጠፋም። እሱን ልጅ እወደዋለሁ። አሪስቶትልም የሚገፋው ከሌለ ነገር ይቆማል ብሎ ነበር፣ ዓለምም 2000 ዓመት ገደማ አመነው። ጋሊልዮ ተጠራጠረ፣ ኒውተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1687 ቁርጡን ነገረን፦ ፎርስ የሚያስፈልገው ለመሄድ ሳይሆን ፍጥነትን ወይም አቅጣጫን ለመለወጥ ነው።

ወረቀት አውጡ። መኪናውን ሣጥን አድርጋችሁ ሳሉና ቀስቶቹን ጨምሩ፦ ስበት ወደ ታች ይጎትታል፣ አስፋልቱ ከሥር ይደግፋል፣ ሞተሩ በማርሹ በኩል ጎማውን ሲይዘው አስፋልቱ በሰበቃ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ንፋሱም ትንሽ ያግዛል። እያንዳንዱን ቀስት «ማን ነህ?» በሉት። ስም ከሌለው ሰርዙት። ሁልጊዜ አንዱ «የጉዞ ፎርስ» ብሎ ወደ ፊት ቀስት ይስላል፤ ማን ነው የሚገፋው ስለው ዝም። ላጲስ አቀብለዋለሁ።

አሁን ሹፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ አደረገው። ሞተሩ መያዙን ተወ፣ ፍሬኑ ብቻውን ቀረ። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ከፍ ትላለች። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 59 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይኼ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ይበቃል! ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይበሉታል፣ የቀረው ግን ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይከማቻል። ያ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የተቃጠለ ሽታ እሱ ነው። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል መያዙ ይደክማል፤ ሹፌሩ እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናው አይሰማውም።

ስለ ረዳቱም ልንገራችሁ፣ ልጅ ሆኜ በጣም የምቀናው በእሱ ነበር። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ይወሽቀዋል። ያቺ እንጨት 10 ቶን እንዴት ቻለች? አልቻለችም። 10 ሜትር ሄዶ 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትተው የክብደቱ አንድ አስረኛ ብቻ ነው፣ 1 ቶን ያህል። «የቀረውን ዘጠኝ እጅ አስፋልቱ ይሸከማል» ካላችሁ ልክ አይደለም፤ ክብደቱ እንደ እንጀራ አይቆረስም፣ ቀስት ስለሆነ በማዕዘን ነው የሚከፈለው። አስፋልቱ የሚሸከመው 10 ቶኑን ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ 9.95 ገደማ። ለምን እንደሆነ ሳይንና ኮሳይን ሰኞ ይነግሯችኋል።

በሉ፣ ከስምንቱ ጀሪካን አንዱ ፈልቶ ከሆነ ቡናው ይምጣ።