አምራቹ ሲሸጥ እኛን ማን ይጠይቀናል?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከሜክሲኮም ከፒያሳም ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የተዳከመ የኔትወርክ ዕቃ አምራች ሌላ ኩባንያ ይገዛው ይሆን?» የሚል ነው። መልሴ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ ይገዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዕቃውን ሰርቨር ሩማችን ውስጥ የደረደርነው እኛ ምን እንሆናለን?

የተዳከመ ኩባንያ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሽያጩ ቢወርድም ደንበኛ አለው፣ ፓተንት፣ ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አለው፣ አንዳንዱም ጥሩ ጥሬ ገንዘብ አለው። የአክሲዮኑ ዋጋ ከእነዚህ ድምር በታች ከወረደ ገዢ መምጣቱ አይቀርም።

ስሪኮም የሚባለውን የኔትወርክ ዕቃ አምራች የምታስታውሱ አላችሁ። ኮምፒውተሮችን በገመድ ከሚያገናኘው ከኤተርኔት ቴክኖሎጂ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ነው። በ2000 ከትልልቅ ስዊቾችና ራውተሮች፣ ማለት ኮምፒውተሮችንና ኔትወርኮችን እርስ በርስ ከሚያገናኙት ዕቃዎች፣ ገበያ ወጣሁ አለ። በእሱ ዕቃ ኔትወርካቸውን የገነቡ ድርጅቶች ሜዳ ላይ ቀሩ። በ2007 ቤይን ካፒታል የተባለ የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ከቻይናው ሁዋዌ ጋር ሆኖ በ2.2 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። አሜሪካ ውስጥ የደህንነት ስጋት ተነሳና ስምምነቱ በ2008 ፈረሰ። በመጨረሻ ኤችፒ በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። በዚያ ሰዓት የስሪኮም ትልቁ ሀብት ቻይና ውስጥ ያለው ኤችስሪሲ የተባለው ኩባንያው ነበር።

የካናዳው የቴሌኮም ዕቃ አምራች ኖርቴል ደግሞ የባሰ ነው። በ2009 መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለት ከአበዳሪዎቹ የሚከልል የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፤ ከዚያም ተቆራርጦ ተሸጠ። የሞባይል ኔትወርኩን ኤሪክሰን፣ የድርጅት ኔትወርኩን አቫያ፣ የኦፕቲካሉን ሲየና ወሰዱት። ፓተንቶቹን አፕልና ማይክሮሶፍት ያሉበት ቡድን በ2011 በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው። ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አቫያ ራሱ በ2017 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀና የኔትወርክ ክፍሉን ለሌላው አምራች ለኤክስትሪም ሸጠ። አስቡት። በ2008 የኖርቴል ስዊች የገዛ መሥሪያ ቤት፣ ስዊቹ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሦስት ባለቤት አየ። ቤት ሲሸጥ ተከራዩን የሚያማክረው የለም። እኛም እንደዚያው ነን።

አሁን የራሳችንን ልናገር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አብረን የሠራን እዚህ አለን። የቅርንጫፎች ስዊች ጨረታ ወጣ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አቅራቢ የሚያመጣው ዕቃ አምራቹ በኪሳራ ላይ ያለ፣ ሊሸጥ ነው ተብሎ በየጊዜው የሚወራበት ኩባንያ ነበር። የቴክኒክ ቡድኑ ይህንን በጽሑፍ አቀረበ። ኮሚቴው «ይሄ መስፈርታችን ውስጥ የለም» አለ። ዝቅተኛ ዋጋ አሸነፈ።

ብዙም ሳይቆይ አምራቹ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት የራሱ ተመሳሳይ ስዊች ስለነበረው የእኛን ሞዴል ማምረት አቆመ። የላይሰንሱ፣ ማለት የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃዱ ድረ ገጽ ተቀየረ፤ የእኛ ሲሪያል ቁጥሮች አዲሱ ላይ የሉም። እዚህ ወዳለው ወኪል ስንደውል «ውክልናው ተነስቶብናል፣ ዱባይ ጠይቁ» አለን። ዱባይ «ድጋፍ ውል የላችሁም» አለ። ውሉን የገባነው ከአሮጌው ኩባንያ ጋር ነበራ!

ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ የስዊቹ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ቀኑ ጡረታ የሚከፈልበት ነበር። መርካቶን አሰስን፤ የለም። ሽማግሌዎች ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትላለች። አንዲት እናት ነገ ይምጡ ሲባሉ «ልጄ፣ የነገ ታክሲ ከየት አመጣለሁ?» አሉ። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሌላ ቅርንጫፍ ስዊች ነቅለን አምጥተን ስንተክል መሽቶ ነበር።

በማግስቱ ማን ተጠየቀ? ኮሚቴው? አቅራቢው? አይደለም! ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለአይቲ ክፍል ነው! አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳሰበው ክፍል ነው የተቀጣው! ርካሽ ገዛን ብለው ሪፖርት ያደረጉት ዛሬም ያንን ቁጠባ ይቆጥሩታል። እኚያ እናት ያጡትን ቀን የቆጠረ ግን የለም። ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ግዥ ቁጠባ ብሎ የሚጠራ ሰው ፊት ዝም አንበል!

ኪሳራ ውስጥ ያለ ኩባንያ ብቻ ነው የሚሸጠው ብላችሁም አትዘናጉ። ሌላው የኔትወርክ ዕቃ አምራች ጁኒፐር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከኤችፒ ለተከፈለው ኤችፒኢ በ14 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መሆኑ ተነገረ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሰሰ፤ ሽያጩ ያለቀው በሐምሌ 2025 ነው። ደንበኛው ያንን ሁሉ ጊዜ የትኛው ምርት እንደሚቀጥል ሳያውቅ ነው የጠበቀው። በእኛ አገር ደግሞ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያለ ጊዜው ዕቃ መቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለእናንተ አልነግርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የአምራቹ የፋይናንስ ሁኔታ ከቴክኒክ ነጥቡ ጋር ይመዘን። አምራቹ ቢሸጥ ድጋፉና ላይሰንሱ በማን ስም እንደሚቀጥል ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። መለዋወጫ ከዕቃው ጋር አብሮ ይገዛ፤ በኋላ እናመጣለን አይባል። አንድ አምራች ብቻ በሚያውቀው ፕሮቶኮል፣ ማለት ዕቃዎቹ በሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኔትወርክ አንሥራ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝምም።

የውሉን አንቀጽ ረቂቅ መግቢያው ላይ፣ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሕግ ባለሙያ ያላችሁ አሳዩልኝ። የሚስተካከለውን እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉበት፤ የፊታችን ሰኞ ሰብስቤ ለግዥ ክፍሎቻችን እናስገባለን። አመሰግናለሁ።