አሜሪካ ያለው አጎት እና የኬንያ ምርጫ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! የውጭ ዕርዳታ ዴሞክራሲ ያመጣል ወይ? ዛሬ የምናየው ይህን ነው።

አሜሪካ ያለ አጎት አስቡ። ኪራዩ በሱ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው በሱ ነው። አንድ ቀን ደውሎ «የልጁን ውጤት ካላየሁ አልልክም» ይላል። ቤቱ ይተራመሳል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል። የካርዱ ፎቶ በቴሌግራም ይሄዳል፤ ሒሳብ 80! አጎት ደስ ይለዋል፣ ይልካል። ደብተሩ ግን ተመልሶ አይገለጥም። አጎት ያየው ካርዱን ነው፤ ደብተሩን አላየም።

አባትየውስ? ዶላሩ ከመጣ ወዲህ ስለ ቤቱ ወጪ ማንንም አያማክርም። ጆሮው ስልኩ ላይ ነው። መንግሥትም እንደዚያው ነው። በግብር የሚኖር ግብር ከፋዩን ይሰማል፣ በዕርዳታ የሚኖር ለጋሹን። ለጋሹ በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና የሚያስገባው ገንዘብ የበጀት ድጎማ ይባላል።

ወደ ኬንያ እንሂድ፤ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። በ1991 መጨረሻ ለጋሾች ፓሪስ ተሰብስበው «ለ6 ወር አዲስ ዕርዳታ የለም» አሉ። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ፕሬዚዳንት ሞይ የአንድ ፓርቲ ሥርዓቱ እንዲቀር ተስማሙ።

«አየህ! ፈረንጅ ገንዘቡን ከያዘ ዴሞክራሲ ይመጣል» ትሉኛላችሁ፤ ኮሜንት ላይ በብዛት የማየው ይህንን ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል። በ1988 የፓርቲው ዕጩዎች ሲመረጡ ኬንያውያን ድምፅ የሰጡት በሚስጥር አልነበረም። ከሚፈልጉት ዕጩ ኋላ ተሰልፈው ነው። ጎረቤት ያያል፣ ሹሙም ያያል። አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ የተባለበት ቦታ ነበር! በ1990 ሐምሌ ሰው ናይሮቢ ካሙኩንጂ ሜዳ ወጣ፣ ሰውም ሞተ። ይህ ሁሉ ከፓሪሱ ስብሰባ በፊት ነው። በሩን ሲገፋ የከረመው ሕዝቡ ነው። ለጋሾቹ ዘግይተው ትከሻቸውን ጨመሩ። እባካችሁ የነዚያን ሰዎች ድካም ለፓሪስ አንስጥባቸው።

በ1992 ምርጫ ተቃዋሚው ተከፋፈለ፣ ሞይ በ36 በመቶ ግድም አሸነፉ። በ1993 ዕርዳታው ተመለሰ። እሳቸው እስከ 2002 ቆዩ። ካርዱ ታይቷላ!

እኛም ቤት አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ይህ በኛው አቆጣጠር ነው፣ ለጋሾች የበጀት ድጎማ ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡ በክልልና በወረዳ በኩል፣ ለመምህሩና ለጤና ሠራተኛው ደሞዝ ተብሎ ተመለሰ። በ2002፣ አሁንም በኛው አቆጣጠር፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። የመምህር ደሞዝ ይቁም አልልም፣ በፍጹም። የሚያመኝ አጎት አሁንም ደብተሩን አለመጠየቁ ነው።

በሚቀጥለው ማላዊ እንሄዳለን። እዚያ ዕርዳታው ከመያዙ በፊት፣ በፈረንጅ 1992፣ የካቶሊክ ጳጳሳት ደብዳቤ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነቧል፤ ፕሬዚዳንት ባንዳም በ1994 በምርጫ ተሸንፈው ወርደዋል። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።