የመክፈቻ ንግግር፦ «እንደ ወሩ ነዋ»

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን በሰላም ወደ ባሕር ዳር መጣችሁ።

ዛሬ ጧት ወደዚህ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ነው። ባጃጁ የሌላ ሰው ስለሆነ ለባለቤቱ የዕለት ገቢ አስገብቶ የተረፈችውን ይይዛል፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ቁልፉን አስረክቦ ፎገራ፣ አባቱ ማሳ ላይ ሩዝ ሊያጭድ ይወርዳል። «ታዲያ ሥራ አለህ ወይስ የለህም?» አልኩት። በመስታወቱ አየት አድርጎኝ «እንደ ወሩ ነዋ ጋሼ!» ብሎ ሳቀ።

ይህ መልስ የወጣቶችን ሥራና ሥራ አጥነት የምናጠናበትን ዘዴ ይነካል። በተለመደው መስፈርት ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም፤ ስለዚህ ይህ ወጣት ዛሬ ቢጠየቅ ሠራተኛ ነው። ማሳው ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይወሳሰባል፦ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ2006 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ባሻሻሉት ትርጓሜ መሠረት፣ ሩዙ በዋናነት ለገበያ ከሆነ ሠራተኛ ሲሆን፣ ለቤት ፍጆታ ከሆነ ግን ከሠራተኛ ተርታ ይወጣል። ሰውየው ያው፣ ማጭዱም ያው።

መስፈርቱ በር ላለው፣ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ ለታወቀ ሥራ ይመቻል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ሲከፈት፣ ከተማዋ የታሰበችው እንዲህ ባለ ሥራ ነበር። የአካባቢው ኢኮኖሚ ግን በሌላ በኩልም ተለወጠ። በደርግ ዘመን ውሃ በሚተኛበት የፎገራ ሜዳ የተሞከረው ሩዝ ዛሬ በፎገራዋ ከተማ በወረታ መፈልፈያ አስተክሏል፤ ተሸካሚውን፣ ደላላውን፣ የማሽን ሠራተኛውንና የጭነት ሹፌሩን ያሰማራል፤ ወቅቱ ሲያልፍም ይበትናቸዋል።

አገር አቀፉ የሥራ ኃይል ጥናት በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ አንዱም በኅዳር አጨዳ ላይ አልዋለም። እኛም ብንሆን አንሻልም። የማስተርስ ተማሪዎቻችን መጠይቅ የሚበትኑት በአብዛኛው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ወሩን የሚመርጥላቸው የጥናቱ ጥያቄ ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ነው። ይህን የምለው እንደ ከሳሽ አይደለም፤ እኔም በዚያው ወር በትኛለሁ። የናሙናችን መነሻ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፤ ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ራሱ ሥራ ፈላጊ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ካለው የሰላም እጦት የተነሣም ጠያቂ የሚደርሰው መንገዱ ወደ ፈቀደለት ቀበሌ ብቻ ሆኗል፤ ያልተደረሰበትን ቀበሌ በተደረሰበት አማካይ መሙላት ግን በእኔ እምነት ጥናት አይባልም።

ስለሆነም ማኅበራችን፣ በወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚባሉትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎች አንድ ጊዜ ጠይቆ ከመለየት ይልቅ፣ ያንኑ ወጣት በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በኅዳር እየተመላለሰ እንዲጠይቅ ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። መንገድ ሲዘጋ በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ ስልኩም ሲቋረጥ ክፍተቱ እንደ ክፍተት ይመዝገብ። የመጀመሪያው ዙር በመጪው ኅዳር ቢሆን ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ አቅራቢ መድረኩን እንዲረከቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ።