ከፋዩ ማን ነው?

የተከበራችሁ የቪዲዮ ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ነጋዴዎችና የሆቴል ባለቤቶች፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከሐረር የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። ከአዳራሹ ማራገቢያዎች ግማሹ እንደማይዞር አይቻለሁ፤ ለሐረር እንግዶቻችን ስል ንግግሬን አላስረዝምም።

የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። ቪዲዮ ሠርተን ስንለቅ፣ ገንዘቡን የሚከፍለን ማን ነው? ዓመቱን ሙሉ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ተከታይና ስለ ዕይታ ነበር። ቪዲዮውን መቶ ሺህ ሰው ያየለት ልጅ የኢንተርኔት ጥቅል መግዣ ከታላቅ እህቱ ሲበደር ግን፣ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ኔትወርኩን ሰበብ አናደርግም፤ በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም በአገራችን የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ከዚችው ከድሬዳዋ ነው።

ከቲክቶክ ልጀምር። ለቪዲዮ ሠሪዎች በዕይታቸው ልክ የሚከፍልበት የሽልማት ፕሮግራሙ 10,000 ተከታይ፣ በ30 ቀናት ውስጥ 100,000 ዕይታና ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ቪዲዮ ይጠይቃል። ይህን የሚያሟሉ አባላት አሉን። ፕሮግራሙ የተከፈተው ግን ለጥቂት አገሮች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና የመሳሰሉት ናቸው፤ እኛ የለንበትም። ከዚህ የተነሳ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም አካውንት መክፈት የተለመደ ዘዴ ሆኗል። ዘመድ ክብር ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ስም የተከፈተ አካውንት የእርሱ ነው። የተኮራረፋችሁ ዕለት የሠራችሁት ሁሉ በእርሱ እጅ ይቀራል፤ ኩባንያውም ከደረሰበት ሳያስጠነቅቅ ሊዘጋው ይችላል።

የዩቲዩቡን አሠራር ጠለቅ ብለን ማየት ይገባናል፤ በየቡና ቤቱ የሚነገረው ተሳስቷልና። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በአጫጭር ቪዲዮዎች መካከል ከሚታዩ ማስታወቂያዎች የሚገኘውን ገቢ ያካፍላል። ገቢው መጀመሪያ በአንድ ላይ ይጠራቀማል። ሙዚቃ የሌለበት ቪዲዮ ያስገኘው ሙሉ በሙሉ ወደ ሠሪዎች ቋት ይገባል፤ አንድ ዘፈን ያለበት ከሆነ ግማሹ፣ ሁለት ዘፈን ያለበት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ለሙዚቃ ባለመብቶች ክፍያ ይሄዳል። ከዚያም ቋቱ በየአገሩ ባገኘነው የዕይታ ድርሻ ይደለደልና፣ ከተደለደለልን ላይ 45 በመቶው ለእኛ ይሆናል። “ዘፈን ከጨመርክ የአንተ መቶኛ ይቀንሳል” የሚባለው ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ የሚቀንሰው የሁላችን ቋት ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን “በየአገሩ” የሚለው ላይ ነው። አስተዋዋቂ ብዙ በሚከፍልበት አገር የተቀመጠ አንድ ተመልካችና እዚህ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር የተቀመጠ አንድ ተመልካች እኩል አይከፈልባቸውም። የድሬን ወሬ ለድሬ ሰው እየሠራን የዋሽንግተንን ክፍያ መጠበቃችን የትም አያደርሰንም።

ከዚያ ደግሞ በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት ላይ ተመልካች በገንዘቡ ገዝቶ የሚልከው ስጦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢቢሲ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ሶሪያ ውስጥ ወደተከፈተ አካውንት የ106 ዶላር ስጦታ ላከ፤ አካውንቱ ላይ የታየው 33 ዶላር ነበር። የገንዘብ መላኪያ ሱቁና ደላላው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ 19 ዶላር ቀረ። ቲክቶክ የሚወስደው ያን ያህል እንደማይበዛ ተናግሯል። ይበዛም ይነስ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ በስድብ ፉክክር ወይም የታመመ ልጅ አቅርቦ ስጦታ መለመንን እኔ ሥራ ብዬ አልጠራውም። የሚከፋችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ በሻይ ሰዓት ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ።

ታዲያ ማን ይክፈለን? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ሐዲዱ የኩባንያው ነበር፤ ከተማዋን ያቆማት ግን በሐዲዱ ዳር የተጀመረው ገበያ ነው። ለእኛም ከፋዩ እዚሁ አለ። ከዚራ ሰፈር ያለው ካፌ፣ እዚሁ ታይዋን ገበያ ያለው ልብስ ሻጭ፣ ሐረር መኪና ግርግር የተቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ የጀጎልን ግንብና የጅብ ትርዒት ለቱሪስት የሚያሳየው አስጎብኚ። እነዚህ ሰዎች ሚሊዮን ዕይታ አይፈልጉም፤ ቅዳሜ በሩን የሚያንኳኳ ሠላሳ ሰው ይበቃቸዋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ እያፈራረቀ ያንን ሠላሳ ሰው የሚጠራ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ሰው የተሻለ አታገኙም።

ችግሩ አከፋፈላችን ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ለሦስት ቪዲዮ ምሳ ጋብዞኛል። ምሳው ግሩም ነበር፤ የቤት ኪራይ ግን በጥብስ አይከፈልም። ነጋዴዎቻችንም “የወንድሜ ልጅ በነፃ ይቀርጽልኛል” ይላሉ። ይቅረጽ፤ ሥራችን ከወንድም ልጅ ሥራ የማይሻል ከሆነ መክፈል የለባቸውም።

ለዚህ ነው የሥራ አመራር ኮሚቴው የአንድ ገጽ ውል ያረቀቀው። ስንት ቪዲዮ፣ በስንት ቀን፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት፣ ቀሪው መቼ፣ ነጋዴው ምስሉን እስከ መቼ ይጠቀምበታል የሚለውን ሁሉ ይዟል። የተከፈለበት ቪዲዮ “ማስታወቂያ” የሚል ጽሑፍ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ እንዲታይበትም ያስገድዳል። ይህን አንቀጽ የማይወዱ አባላት አሉ፤ ዕይታ ይቀንሳል ይላሉ። ሊቀንስ ይችላል። እኔ ግን ተመልካቹ አንድ ጊዜ ተታልሎ ከሚሄድ፣ ዕይታው ቢቀንስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስከትላል። እዚህ ካለነው አብዛኛው ከዚያ ቁጥር በላይ ነው።

የውሉ ረቂቅ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ ላይ ይገኛል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለው የቅድሚያ ክፍያ መጠን ክፍት ተትቷል፤ ኮሚቴው ስላልተስማማበት እናንተ ወስኑት። የሐረር አባላት ሳይመሽባቸው ዳገቱን እንዲወጡ ከምሳ በፊት ድምፅ እንሰጣለን። ምሳው በክፍያ ነው። ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ፤ ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነቡልን እጋብዛለሁ።