ሦስት ጊዜ የተዳረችው ባለርስት

የተከበራችሁ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ከ700 ዓመት በፊት በእንግሊዝ ስለኖረች አንዲት ባለርስት ነው። ኤሊዛቤት ደ በርግ ትባላለች፤ የክሌር እመቤትም ይሏታል። ቀኖቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚህች ሴት ስም ብዙ መሬት ነበር። መሬቱን እንደ ልቧ ያዘዘችበት ግን ባሎቿ አልቀው፣ የነጠቃትም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ማሳየት የምፈልገው ይህ እንዴት እንደሆነ ነው።

ኤሊዛቤት በሴፕቴምበር 1295 ተወለደች። አባቷ ጊልበርት ደ ክሌር የግሎስተር ኧርል ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ከንጉሡ ቤተሰብ ቀጥሎ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበረም። እናቷ ጆአን የንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ልጅ ናት። ኤሊዛቤት አባቷን አታውቀውም፤ 3 ወር ሳይሞላት ሞተ።

የክሌር ቤተሰብ መሬት አንድ ቦታ የተሰበሰበ አልነበረም። በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፎክ ውስጥ ክሌር አለ፤ የቤተሰቡ ስም የመጣው ከዚያ ነው። በደቡብ ምዕራብ ዶርሴት ውስጥም ነበራቸው። በዌልስ ድንበር ላይ ሰፊ ግዛት፣ በአየርላንድ ደግሞ ኪልኬኒ አካባቢ መሬት ነበራቸው። ሁሉም ተደምሮ በዓመት ከ6,000 ፓውንድ በላይ ያስገባል። በዘመኑ ከመሬቱ በዓመት 40 ፓውንድ ያህል የሚያገኝ ሰው በግድም ቢሆን የፈረሰኛ ባላባትነት ማዕረግ ተቀበል ይባል ነበር። ሀብቱን ከዚህ ገምቱት።

በሕጉ መሠረት ይህን ሁሉ የሚወርሰው ወንድሟ ጊልበርት ነው። ወንድ ልጅ ካለ የመጀመሪያው ወንድ ሁሉን ይወስዳል። ስለዚህ ኤሊዛቤት በ1308 ገና 13 ዓመቷ ላይ ስትዳር፣ ማንም ወራሽ ናት ብሎ አላገባትም። ባሏ ጆን ደ በርግ የአየርላንዱ የአልስተር ኧርል ልጅ ነበር። በ1312 ዊልያም የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። በዓመቱ ጆን ሞተ።

ከዚያ 1314 መጣ። ወንድሟ ጊልበርት በባነክበርን ጦርነት ስኮትላንዶችን ሲወጋ ወደቀ። ዕድሜው 23 ነበር፤ ልጅም አልነበረውም። ወንድ ወራሽ ከሌለ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል፤ እህቶች እኩል ይካፈላሉ። እህቶቹ ኤሌኖር፣ ማርጋሬትና ኤሊዛቤት ናቸው። የሟች ሚስት ሞድ ግን ነፍሰ ጡር ነኝ አለች። ወራት አለፉ፣ ዓመት አለፈ፣ ልጅ የለም። ክፍፍሉ እስከ 1317 ተጓተተ።

እስኪ ይህን ልብ በሉ። ኤሊዛቤት ገና 20 ዓመት ሳይሞላት ባል የሞተባት፣ የመንግሥቱን ትልቅ ርስት አንድ ሦስተኛ የምትጠብቅ ሴት ሆነች። እሷን ያገባ መሬቱን ያገባል። በሕጉ የሚስት መሬት በትዳር እስካሉ ድረስ በባል እጅ ነው። ስለዚህ ፈላጊዋ በዛ። በ1316 መጀመሪያ ላይ ቲዮባልድ ደ ቨርደን የሚባል መኳንንት ከብሪስቶል ቤተ መንግሥት ወስዶ አገባት። ንጉሡ አልፈቀደም። ቲዮባልድ በወዷ ነው የመጣችው ብሎ ተከራከረ። በስድስት ወሩ እሱም ሞተ፤ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ወደ አምስበሪ ገዳም ሄዳ እዚያ ሴት ልጇን ኢሳቤላን ወለደች። የንጉሡ የኤድዋርድ ዳግማዊ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ሮጀር ዳሞሪ የሚባል ባለሟሉን እንድታገባ ፈለገ። ይህ ንጉሥ የእናቷ ወንድም፣ አጎቷ መሆኑን አትርሱ። በ1317 ከዳሞሪ ጋር ተጋቡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ርስቱ ተከፈለ። በእንግሊዝ ክሌርና ሌሎች ቦታዎች፣ በዌልስ የአስክ ግዛት ለኤሊዛቤት ደረሷት።

የኤሌኖር ባል ሂዩ ደስፔንሰር ግን በድርሻው አልጠገበም። ሚስቱ በዌልስ ግላሞርጋንን አግኝታለች፤ እሱ የሁለቱን እህቶች ድርሻም ፈለገ። በዚያ ላይ የንጉሡ ቀኝ እጅ ነበር። የድንበሩ መኳንንት ተነሱበት፤ ዳሞሪም አብሯቸው ሸፈተ። በማርች 1322 አመፁ ተሸነፈ፤ ዳሞሪም በዚያው ወር ሞተ። ኤሊዛቤትን አስክ ላይ ያዟት። ከልጆቿ ጋር ባርኪንግ ገዳም ውስጥ አሠሯት። ከዚያም አስክን ሰጥታ ገቢው ያነሰውን የጋወርን ግዛት እንድትቀበል አስገደዷት።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ የሚቀጥለው ነው። ንጉሡ ለገና ወደ ዮርክ ከተማ ጠራት። እዚያ አማካሪዎቿን ለዩባት። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ላታገባ፣ መሬትም ለማንም ላትሰጥ ቃል የምትገባበት ወረቀት አቀረቡላት። ጥላ ወጣች። ተመለሽ፣ አለዚያ ከንጉሡ የያዝሽውን መሬት ሁሉ ትነጠቂያለሽ አሏት። ተመልሳ ማኅተሟን አኖረች። በለውጥ የተሰጣት ጋወርም በኋላ በክስ ተወሰደባት፤ መጨረሻው እዚያው ደስፔንሰር እጅ ገባ።

እሷ ግን አልተኛችም። በሜይ 1326 ደስፔንሰር ገና በሥልጣኑ ላይ እያለ፣ ክሌር ላይ በምስጢር የተቃውሞ ሰነድ አጻፈች። ማን እንዳሠራት፣ በምን እንዳስፈራሯት፣ ምን እንደወሰዱባት አስመዘገበች። ያ ወረቀት ቢያዝ ምን ይደርስባት እንደነበር አስቡት። ለእኔ ጀግንነት ማለት ይህ ነው። በዚያው ዓመት ንግሥት ኢዛቤላ ባሏን ንጉሡን ለመጣል ጦር ይዛ ከባሕር ማዶ መጣች። በኖቬምበር ደስፔንሰር ሄርፎርድ ላይ ተገደለ። ብዙም ሳይቆይ አስክ ወደ ኤሊዛቤት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አላገባችም። በ1343 በይፋ ስእለት ገባች። ባል የሞተባት ሴት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ናት፤ ትከሳለች፣ ትዋዋላለች፣ መሬቷን ታስተዳድራለች። በዚያ ላይ ከባሏ መሬት አንድ ሦስተኛውን ዕድሜ ልኳን ትይዛለች። የኤሊዛቤት ባሎች ደግሞ ሦስት ነበሩ! የአባቷ ርስት፣ በአየርላንድ የጆን መሬት፣ ከቨርደን የደረሳት፣ ሁሉም በአንድ ሴት እጅ ተሰበሰበ።

እንዴት እንዳስተዳደረችው የቤቷ የሒሳብ መዝገቦች ይናገራሉ። ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ለኩሽናው የወጣው፣ ለፈረሶች መኖ የተከፈለው፣ ማን እንግዳ ሆኖ እንደመጣ ሁሉ ተጽፏል። ክሌር፣ አስክ፣ ኤሴክስ ውስጥ ባርድፊልድ እያለች ትዘዋወር ነበር። በኋላ ለንደን ውስጥ አልድጌት በር አጠገብ፣ ከሴት መነኮሳት ገዳም ጎን ቤት ሠራች።

ከገቢዋ የወጣው ትልቁ ሥራ ኬምብሪጅ ነው። በ1326 የተመሠረተና ገንዘብ ያጠረው የተማሪዎች ቤት ነበር። በ1338 በስጦታዋ እንደ አዲስ አቆመችው፤ ዛሬ ክሌር ኮሌጅ የሚባለው ነው። በ1359 በሰጠችው ደንብ 10 ድሃ ልጆች እንዲማሩ አዘዘች። ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ብዙ የተማሩ ሰዎችን ስለወሰደ ምትክ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብም በደንቡ ውስጥ አለ። የኮሌጁ ጋሻ ላይ የአባቷና የመጀመሪያ ባሏ ምልክቶች ጎን ለጎን አሉ። በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ጠብታዎች እንባዋ ናቸው ይባላል።

ልጆቿስ? ዊልያም የአልስተር ኧርል ሆኖ በ1333 አየርላንድ ውስጥ በራሱ ሰዎች ተገደለ፤ 20 ዓመቱ ነበር። ከቨርደንና ከዳሞሪ የወለደቻቸው ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ሆኖም የክሌር ርስት ለእነሱ አልደረሰም፤ የወንዱ ልጅ ዘር ስለሚቀድም ለዊልያም ብቸኛ ሴት ልጅ አለፈ። እናታቸውን በልጅነቷ ያገለለው ሕግ እነሱንም አገለለ።

ያቺ የልጅ ልጅ የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊን ልጅ ላዮነልን አገባች። ኤሊዛቤት በኖቬምበር 1360 ሞታ አልድጌት ገዳም ተቀበረች። በ1362 ላዮነል የክላረንስ መስፍን ተባለ፤ የማዕረጉ ስም ከክሌር የወጣ ነው። ርስቱ በላዮነል ልጅ በፊሊፓ በኩል ሞርቲመር ወደሚባሉት መኳንንት፣ ከእነሱም የዮርክ ቤት ወደሚባለው የንጉሣዊው ቤተሰብ ቅርንጫፍ አለፈ። በ1461 የዮርኩ ኤድዋርድ ራብዓይ ሲነግሥ ክሌርም አስክም ወደ ዘውዱ ገቡ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ።