ሁለት ቃል በአንድ ትንፋሽ

እንደምን አመሻችሁ! ወንበር ያጣችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ይቻላል።

ስለ መጽሔት አውራ ተብዬ ነው የመጣሁት። አዘጋጆቹ ስለ አንድ ገናና መጽሔት እንደማወራ ገምተው ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን 15 እትም ብቻ ወጥቶ የቆመ መጽሔት ነው። ይቅርታ አልጠይቅም።

ቦታው ሻንጋይ፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1892 ነው። ቻይና በኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ በ1842 የናንጂንግን ውል ከፈረመች ወዲህ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና አሜሪካኖች ከከተማዋ ቅጥር ውጪ የራሳቸውን ሰፈሮች ይዘው ነበር። ፖሊሱ የነሱ፣ ቀረጥ ሰብሳቢው የነሱ። ነዋሪው ግን አብዛኛው ቻይናዊ ነው። እዚያ ከሚነበቡት ጋዜጦች አንዱ ሼንባኦ ይባላል። በ1872 ያቋቋመው ኧርነስት ሜጀር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ሲሆን የሚጽፉበት ግን ቻይናውያን ናቸው። ይኸው ድርጅት ዲያንሺጃይ የሚባል የድንጋይ ማተሚያ ቤት ነበረው፤ ከ1884 ጀምሮ በየአስር ቀኑ የስዕል ጋዜጣ ያወጣ ነበር።

ድንጋይ ስላችሁ እውነተኛ ድንጋይ ነው። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይጻፋል፣ ይሳላል። ከዚያ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፣ የማተሚያ ቀለም ይቀባል። ውሃና ቅባት አይዋደዱማ! ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ላይ ብቻ ነው። እጅህ የጻፈው እንዳለ ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ስዕሉም ጽሑፉም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሰውዬው። ሃን ባንግቺንግ ይባላል፣ ሼንባኦ ላይ ይጽፍ ነበር። የመንግሥት ሹመት የሚያስገኘውን ፈተና ደጋግሞ ወድቋል። በ1891 ቤጂንግ ሄዶ ተፈተነ፤ አሁንም አልሆነም። ወደ ደቡብ ሲመለስ መርከብ ላይ ሱን ዩሸንግ ከሚባል ሌላ ጸሐፊ ጋር ሆነ። መንገዱ ረጅም፣ ሥራ የለም። ሁለቱም ያላለቀ ልብ ወለድ በሻንጣቸው ይዘዋል። ተለዋወጡና አነበቡ።

ሱን የጓደኛውን ረቂቅ ሲያይ ግራ ገባው። ሰዎቹ የሚነጋገሩት በሱጆ አፍ ነው፣ ማለትም ሻንጋይ አጠገብ ባለችው የሱጆ ከተማ አካባቢ ንግግር። ታሪኩ በውጭ ሰፈሮቹ ባሉ የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ውስጥ የሚሄድ ነው፤ ደንበኛው ሊበላ፣ ሊጠጣ፣ ዘፈን ሊሰማ ይመጣል፣ ሴቶቹ ደግሞ የሚያወሩት በሱጆ አፍ ነው። ሱን «ተው፣ የሌላ አገር ሰው አያነብልህም» ብሎ መከረው። ሃን አልሰማም። የድሮው ደራሲ ትሳኦ ሹዌቺን ታላቁን ልብ ወለዱን በቤጂንግ አፍ ከጻፈ እኔ በራሴ አካባቢ አፍ ብጽፍ ምን ነውር አለው፣ አለ።

በማግስቱ ዓመት መጽሔቱን ጀመረ። ሃይሻንግ ቺሹ አለው፣ የሻንጋይ ድንቅ ጽሑፎች እንደማለት ነው። መጀመሪያ በየአስራ አምስት ቀኑ ይወጣ ነበር፣ በኋላ በወር አንዴ ሆነ። በጥንቱ የጽሕፈት ቋንቋ የጻፋቸው አጫጭር ተረኮች አሉበት፣ ከሌሎች ሰዎች የተመረጡ ጽሑፎች አሉበት፣ ከዚያ የልብ ወለዱ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ከነስዕሉ። የታተመው እዚያው ድንጋዩ ላይ፣ ዲያንሺጃይ ነው።

እና እኔን የማረከችኝ አንዲት ፊደል ናት። የሱጆ ሰው «አልፈልግም፣ ይቅር» ሲል ሁለት ቃል አጣብቆ ባንድ ትንፋሽ ይላል። ለያይተህ ከጻፍከው ድምፁ ይጠፋል፣ ቁጣው ይጠፋል፣ መሽኮርመሙ ይጠፋል። ቻይንኛ ለየቃሉ የራሱ ምልክት አለው፤ ሃን የሁለቱን ቃላት ምልክቶች አንድ ሳጥን ውስጥ ጨምቆ እንደ አንድ ፊደል ጻፋቸው። ሱን ይህንንም ተቃውሞ ነበር። የሃን መልስ፣ ፊደል ፈጠረ የሚባለው ትሳንግጂዬም ቢሆን ከራሱ አውጥቶ ነው የፈጠረው የሚል ነው። ምን ይመለስለታል?

ድንጋዩን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከእርሳስ ብረት በተሠራ የማተሚያ ፊደል ቢያሳትም ኖሮ ለዚያች ምልክት ብቻ አዲስ ማስቀረጽ ነበረበት። ድንጋይ ላይ ግን ብሩሽ የጻፈው ሁሉ ይታተማል።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች በዚህ መገረም የለብንም። ግዕዝ «ሸ» የለውም፣ «ቸ» የለውም። ጆሯችን የሚሰማውን ለመጻፍ ሰ አናት ላይ ሰረዝ ጣል ተደርጎ ነው ሸ የመጣው። ባንድ ትንፋሽ ከተባለ ደግሞ፣ «ምን አለ» እና «ምናለ» ብላችሁ ጻፉ እስቲ። አንዱ ወሬ ይጠይቃል፣ ሌላው ይለምናል። አራሚ መጥቶ ቢለያየው አትናደዱም? እኔ እናደዳለሁ፣ ተናድጄም አውቃለሁ።

መጽሔቱ ከ15 እትም በኋላ ቆመ። በየወሩ ሁለት ምዕራፍ ማለት አንባቢው ያለፈውን እስኪረሳ ማለት ነው፣ የሱጆ አፍ የማያውቀውም አልተከተለም። ሱን እውነቱን ነበር፤ የሱ ልብ ወለድ በኋላ በሁሉም ዘንድ በሚነበብ ቋንቋ ወጥቶ የተሻለ ተሸጧል። የሃን ልብ ወለድ 64 ምዕራፍ ሆኖ በ1894 በመጽሐፍ ወጣ፣ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ኋላ በ1920ዎቹ ደራሲው ሉ ሹንና ምሁሩ ሁ ሺ አመሰገኑት። ከዚያ ደራሲዋ ኤይሊን ቻንግ ንግግሮቹን ወደ መደበኛው ቻይንኛ መለሰቻቸው፤ ሱን መርከቡ ላይ የመከረው ነገር ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ ተፈጸመ በሉት። መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ፣ ያ ንግግር ግን ከገጹ ወጣ።

ፊደሏ ግን አልወጣችም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብታለች፣ ኮምፒውተር ላይ ቦታ አላት፣ ሻንጋዮች ዛሬም ይጽፏታል። እስቲ ያን ፕሮጀክተር አብሩልኝና ላሳያችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል?